በቬርሊን ግቢ የሚያልፈው ዳገት

አርሊስ ብራተን ብስክሌት መንዳት የጀመረችው ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ዕድሜዋን ሙሉ የወተት ቦቴ ነው የነዳችው። እኛ ባለንበት በዊስኮንሰን ደቡብ ምዕራብ ጥግ ላም ያልወጣበት ጋራ የለም፤ ላም ካለ ደግሞ ክረምት ከበጋ ቦቴ መድረስ አለበት። ለዚህ ሲባል ፍየል የምትፈራው ዳገት ሁሉ አስፋልት ለብሷል። ዛሬ ላሞቹ ተሸጠው አልቀው አስፋልቱ ቀርቷል። ከቺካጎና ከሚኒያፖሊስ ብስክሌታቸውን በመኪና ጣሪያ ላይ አስረው የሚመጡት ሰዎች ለዚያ አስፋልት ሲሉ ነው።

ጡረታ በወጣች ሰሞን ጉልበቷ ማስቸገር ጀመረ። ሐኪሙ ዋና ወይም ብስክሌት አላት። ዋና አልወድም ብላ ከአንዱ ጎረቤት አሮጌ የኮርስ ብስክሌት ወስዳ እኔ ዘንድ መጣች። እኔ ለስተር እባላለሁ። ሊንዳል መንደር ውስጥ ትራክተር እጠግናለሁ፣ እበይዳለሁም፤ ብስክሌት ግን ነክቼ አላውቅም ነበር። ካቴናውን አጥቤ፣ ፍሬኑን ቀይሬ ሰጠኋት። በሳምንቱ ተመልሳ መጥታ፣

«ለስተር፣ ያን ሁሉ ዘመን በቦቴ ስመላለስ መንገዱን አይቼው አላውቅም ለካ» አለችኝ። «ከመስታወት ኋላ ሆኖ ምን ይታያል? በል አንተም ብስክሌት ግዛ።»

ገዛሁ። አርሊስ ስትናገር ሰው እምቢ ማለት ይረሳል። በሁለት ዓመት ውስጥ የመንደሩ ግማሽ ጎልማሳ ብስክሌተኛ ሆነ። እሷ የድሮ የቦቴ መንገዶቿን አንድ በአንድ እየለየች ካርታ አወጣችላቸው። የትኛው መታጠፊያ ላይ ጠጠር እንዳለ፣ የትኛው ቤት ውሻ እንደሚያሳድድ፣ የት ላይ ምንጭ ውሃ እንደሚገኝ ታውቃለች። ከዚያ «የዳገት ቀን» የሚባለውን ጀመረች። በሰኔ ወር በአንዱ ቅዳሜ እንግዶች ይመጣሉ፤ ጠዋት ከእሳት አደጋ ጣቢያው ፊት ለፊት ይነሣሉ፣ ሸለቆውን ይዘው ወርደው፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ወዳለበት ጋራ አናት ይወጣሉ፣ ሸንተረሩን ዞረው ይመለሳሉ። ማታ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የቼሪ ፓይ ይበላል። ለእኛ መንደር ከገና ቀጥሎ ያለ በዓል ሆነ ብል አላጋነንኩም።

በዚያ ዓመት በግንቦት ማለቂያ ላይ ዝናቡ አበደ። አንድ ሌሊት ያለማቋረጥ ወርዶ ጠዋት ስንነሣ ሸለቆው ሐይቅ ሆኗል። ውሃው ሲጎድል ድልድዩ የለም። ግራና ቀኝ ያሉት የድንጋይ ግንቦች ብቻ ተፋጠው ቀርተዋል። የዳገት ቀን ሊደርስ የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር።

እሳት አደጋ ጣቢያው ውስጥ ተሰበሰብን። አንዱ ዘንድሮ ይሰረዝ አለ፤ ሌላው አጭር መንገድ እናዘጋጅ፣ እንግዶቹ እስከ ወንዙ ሄደው ይመለሱ አለ።

አርሊስ ተነሣች። አጭር ናት፤ ሰፊ ትከሻ አላት፤ ፀጉሯን እንደ ወንድ ነው የምትቆረጠው።

«ሰው ከቺካጎ ድረስ መጥቶ የተሰበረ ድልድይ አይቶ ይመለስ?» አለች። «አይሰረዝም፣ አያጥርምም። ከሸለቆው ወደ ጋራው የሚወጣ ሌላ መንገድ አለ።»

ሁላችንም የትኛውን እንደሆነ አውቀናል። ማንም ግን አፍ አውጥቶ አልተናገረም። ከድልድዩ በፊት በስተግራ የሚታጠፍ አንድ ጠባብ አስፋልት አለ፤ ቀጥ ብሎ ጋራውን ይወጣና በአንድ እርሻ ግቢ መካከል አልፎ ከሸንተረሩ መንገድ ጋር ይገናኛል። የመንግሥት መንገድ አይደለም፣ የግል ነው። ባለቤቱ ቬርሊን ብራተን የአርሊስ ታላቅ ወንድም ነው። ሁለቱ ከተነጋገሩ የሊንዳል ልጆች አድገው ልጅ ወልደዋል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባታቸው ኢንግቫልድ የሞተ ጊዜ እርሻውን ለወንድ ልጁ ተወው። ላሞቹን ጠዋትና ማታ ታልብ የነበረችው ግን አርሊስ ናት። ቬርሊን የትራክተር ሰው ነበር፤ ላም አይሆንለትም። ከቀብር መልስ ወጥ ቤት ውስጥ ተጣሉ። እሷ «ላሞቹ እንኳ አንተን አያውቁህም» አለችው። እሱም ንዴቱ ጣሪያ ነክቶ «እርሻ የወንድ ነው! ከወተት ካልተለየሽ ሄደሽ ቦቴ ንጂ!» አላት። በዚያ ዘመን በአውራጃው ውስጥ ቦቴ የምትነዳ ሴት አልነበረችም። ለስድብ ነበር ያለው። እሷ በነጋታው ወተት ማኅበሩ ቢሮ ሄዳ ሥራ ጠየቀች፤ አገኘችም። የደረሳት መስመር የጋራው መስመር ነበር። የወንድሟ እርሻ እዚያው መስመር ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ በዚያ ዳገት ትወጣለች፣ ግቢው ውስጥ ትቆማለች፣ የወተቱን ክፍል ትከፍታለች፣ ቱቦውን ትሰካለች፣ ወተቱን ስባ ደረሰኙን ምስማሩ ላይ ሰክታ ትሄዳለች። እሱ በዚያ ሰዓት ጋጣ ውስጥ ነው። ቦቴው ሲመጣ ይሰማል፣ አይወጣም። እሷም አትጠራውም። ቬርሊን ላሞቹን እስከ ሸጠበት ቀን ድረስ እንዲህ ኖሩ። ሚስቱ ስትሞት እንኳ አርሊስ ቀብር ላይ ከኋላ ቆማ፣ አበባ አስቀምጣ ወጣች።

ስብሰባው ሲያልቅ «ማን ይጠይቀው?» አልኩ።

«እኔ ነኛ። ወንድሜ አይደለ እንዴ?»

«መቼ ነው የምትሄጂው?»

«አሁን። አንተም ትመጣለህ። እምቢ ካለ የሚመሰክርልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

በብስክሌት ሄድን። ዳገቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በጡንቻዬ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ግራና ቀኝ የኖራ ድንጋይ ገደል ነው፤ ከስንጥቁ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል። በጣም ቀላሉ ማርሽ ላይ አድርጌ እንኳ ፔዳሉ ከእግሬ ጋር ይሟገታል። አርሊስ ከፊቴ እንደ ሰዓት ትሄዳለች።

ልክ ግቢው ጋ ስንደርስ ውሻው መጣ። ቡስተር ይባላል፤ ጥቁርና ነጭ የከብት ውሻ ነው፤ ጥርሱን አሳይቶ ቀጥ ብሎ ወደ እግሯ ሮጠ። እኔ ልወድቅ ደረስኩ። እሷ ብስክሌቷን እንኳ ሳታቆም፣

«ቡስተር! ቤትህ!» አለች።

ውሻው ባለበት ቁጭ አለ። ጅራቱ መሬት መጥረግ ጀመረ። የጋጣው በር ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ ቆሞ ያያል፤ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ፣ ግንባሩ ከኮፍያው በላይ ነጭ ነው።

«ውሻዬን ማን አስተማረብኝ?» አለ ቬርሊን።

«ከቡችላነቱ ጀምሮ ብስኩት ያበላሁት እኔ ነኝ» አለች አርሊስ። «እናቱንም።»

ያን ሁሉ ዓመት ዝም ያሉት ሰዎች የመጀመሪያ ቃላቸው ስለ ውሻ ሆነ።

ቬርሊን ውሻውን አየው። «ሌባ ነህ እንዴ አንተ?» አለው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «ምን ፈልገሽ ነው?» አላት።

አርሊስ ከብስክሌቷ ወርዳ እንዳለ ነገረችው። ድልድዩ ፈርሷል፣ እንግዶች ይመጣሉ፣ ባንተ ግቢ ካላለፉ ሌላ መንገድ የለም። አልለመነችውም፣ አልተለማመጠችውም። እሱ ሰምቶ ሲያበቃ ወደ ዳገቱ ጠቆመ።

«ብፈቅድስ ማለፍ አይቻልም። ያው ዝናብ መንገዴን በልቶታል። ኑ ላሳያችሁ።»

ከግቢው ትንሽ ዝቅ ብሎ ትልቁ የዋልነት ዛፍ ያለበት መታጠፊያ አለ። ስንወጣ አንገታችንን ደፍተን በጠባቡ ዳር አንድ በአንድ ስላለፍን ልብ አላልነውም እንጂ መሃሉ ላይ ሁለት በርሜል ተተክሏል። በበርሜሎቹ መካከል አስፋልቱ ወደ ውስጥ ሰምጧል። አንድ ጥጃ የሚውጥ ጉድጓድ ነው፤ ብዙ ብስክሌት ቢያልፍበት ዳሩም ይናዳል። የእኛ አገር መሬት ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውሃ ሲበዛበት እንዲህ ያደርጋል፤ ትናንት የቆምክበት ቦታ ዛሬ አፉን ይከፍታል።

አርሊስ በሆዷ ተኝታ ጭንቅላቷን ወደ ጉድጓዱ አስገባች።

«ከታች ውሃ ሲሄድ ይሰማኛል።»

«ይሰማል» አለ ቬርሊን። «አፈር ደፋሁበት፣ በማግስቱ የለም። ሁለቴ ሞከርኩ።»

«አፈር ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ትልልቅ ድንጋይ ጉሮሮው ላይ ይሰካል። ከዚያ አነስ አነስ ያለ፣ ከዚያ ኮረት፣ ከዚያ ገረጋንቲ። ውሃው መንገዱን ያግኝ እንጂ ለምን ትዘጋበታለህ?»

«ይህን እኔ አጥቼው ነው? ድንጋዩን ማን ያንሣው? ብቻዬን ነኝ እኮ።»

«አሁን ብቻህን ነህ?» አለች አርሊስ ከመሬት ተነሥታ ጉልበቷን እያራገፈች። «ሦስት ሰው አይታይህም?»

«እኔ ተጠየቅኩ እንዴ?» አልኳት።

«አንተ ፌሮ ትበይዳለህ። ከላይ ኮንክሪት እንሞላበታለን።»

«ላሜራ ቢነጠፍበት አይቀልም?»

«ላሜራ ላይ ጤዛ ሲያርፍ ብስክሌተኛው ሸለቆው ውስጥ ነው የሚገኘው። ኮንክሪት!»

ቬርሊን እኔን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ሁልጊዜ እንዲህ ናት?»

«ብሳለች» አልኩት።

በነጋታው ጀመርን። ድንጋዩ የመጣው በእርሻው ጥግ ካለችው አሮጌ የድንጋይ ካባ ነው፤ አባታቸው የጋጣውን መሠረት ያወጣባት ናት። የቬርሊን ትራክተር ያን ሰሞን ክላቹ ተበላሽቶ እኔ ጋራዥ ውስጥ ተፈታትቶ ነበር፤ መለዋወጫው ደግሞ አልደረሰም። ስለዚህ ቬርሊን ወደ ጎረቤቱ ሄደ። ጎረቤቱ ማህሎን ቦርንትሬገር ይባላል፣ ከአሚሽ ሰዎች ነው፤ መኪናም ትራክተርም አይነዱም፣ ሁሉን በፈረስ ነው የሚሠሩት። ማህሎን ቤት የሚያካክሉ ሁለት ፈረሶች አስከትሎ፣ ከእንጨት የተሠራ መጎተቻ ይዞ መጣ።

«የት ነው የምናራግፈው፣ አቶ ቬርሊን?» አለ።

«እሷን ጠይቃት» አለ ቬርሊን። «አለቃችን እሷ ናት።»

ማህሎን አርሊስን በብስክሌት ልብሷ አየና ዓይኑን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ በዚህ በኩል ይሁን?»

«እዚያ ጋ አድርግልኝ የኔ ወንድም። ትልቁን አስቀድም።»

ያን ሳምንት ሙሉ ዲጅኖና አካፋ ይዘን ዋልን። ወንድምና እህት በሥራ ላይ የሚናገሩት ቃል ቢለቀም ከ«ያዝ»፣ «ልቀቅ»፣ «ግፋ» እና «እጅህን!» አያልፍም ነበር በመጀመሪያ። ቆይቶ ስድብ ተጨመረበት። አንድ ድንጋይ ጉሮሮው ላይ አልገባ ሲል ቬርሊን ያዞረዋል፣ እሷ መልሳ ታዞረዋለች።

«ሰፊው ወደ ታች ነው!»

«ጠባቡ ወደ ታች ነው፤ እንደ ቡሽ ነው የሚገባው።»

«አባባ ግንብ ሲሠራ አላየሽም?»

«አይቻለሁ። አንተ ትራክተር ላይ ስትጫወት ድንጋይ የማቀብለው እኔ ነበርኩ።»

ቬርሊን ዲጅኖውን ጣለ። የሚሄድ መሰለኝ። ድንጋዩን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ እሷ እንዳለችው አዞረው። ግጥም ብሎ ገባ። ፈረሶቹ ጭራቸውን ወዘወዙ።

በማግስቱ ዋልነቱ ጥላ ሥር ተቀምጠን ቀዝቃዛ ሻይ ስንጠጣ ነገሩ ወጣ። ያወጣው ቬርሊን ነው።

«በክረምት ይህን ዳገት በቦቴ ስትወጪ አንድም ቀን ተንሸራተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች አርሊስ። «በረዶው ሁልጊዜ ተጠርጎ፣ አሸዋ ተበትኖበት ነው የማገኘው። ከመስመሬ ሁሉ የተሻለው ዳገት ያንተ ነበር።»

«ለምን ይመስልሻል?»

«ወተትህ እንዲነሣልህ ነዋ።»

ቬርሊን ሣቅ አይሉት ሳል የሆነ ድምፅ አወጣ። «የወተቴ ታንክ ለሦስት ቀን ይበቃል። ወተት መች ቸኮለ? ገና ሳይነጋ ተነሥቼ አሸዋ የምበትነው ያቺ ትልቅ ቦቴ ከእህቴ ጋር ገደል እንዳትገባ ብዬ ነው።»

አርሊስ ብርጭቆዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። እኔ ተነሥቼ ልሄድ አሰብኩ፣ ግን መነሣቱም ድምፅ ያሰማል ብዬ ተውኩት። እሷ ፊቷን ወደ ሸለቆው አዞረች።

«ታዲያ ለምን አንድ ቀን ከጋጣ አልወጣህም?» አለች።

«ብወጣ ምን እላለሁ? ‹ቦቴ ንጂ› ብዬሽ ነዳሽ። ከዚያ ወዲያ ሰው ምን ይላል?»

«‹አበጀሽ› ይላል።»

ቬርሊን ኮፍያውን አወለቀ። ነጭ ግንባሩ ላይ ላቡ ቸፍ ብሏል። «አበጀሽ» አለ።

«ዘግይተሃል» አለች። ወዲያው ደግሞ «የማቀዝቀዣህ ሞተር የቆመ ጊዜ ጠጋኙን ማን የላከልህ ይመስልሃል?» አለችው።

«ማኅበሩ ነዋ!»

«ማኅበሩ የት ያውቃል? ከሚቀጥለው ቤት ስልክ ደውዬ ነው።»

ቬርሊን ወደ እኔ ዞረ። «ለስተር፣ ይህን ታውቅ ነበር?»

«እኔ ፌሮ በያጅ ነኝ» አልኩት። ሁለቱም ሣቁ። ሲሥቁ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በአፍንጫቸው ነው የሚሥቁት። ይህን ከዚያ በፊት ልብ ብዬ አላውቅም።

ፌሮውን በይጄ አነጠፍን፣ ኮንክሪቱን አቡክተን ሞላን። በውሃው መጠን ላይ እንደገና ተጨቃጨቁ፤ ሁለቱም እንደ ወጥ እየቀመሱት ነው የሚመስለው። ቬርሊን ላዩን በመጥረጊያ ጠርጎ ሻካራ አደረገው፣ ጎማ እንዲይዝ። ከዚያ ቡስተርን ዛፉ ላይ አሰረው፤ ውሻው እርጥቡን ኮንክሪት በጣም ወዶት ነበር።

የዳገት ቀን ጎሕ ሲቀድ ደመና ነበር፤ ከዚያ ተገለጠ። እንግዶቹ ከሌላው ዓመት በዝተው መጡ። ድልድዩ መፍረሱን የሰሙ ሁሉ «አዲሱ ዳገት» ምን እንደሚመስል ለማየት የመጡ ይመስላል። አርሊስ ከፊት፣ እኔ ከኋላዋ ሆነን ሸለቆውን ወረድን። ጭጋጉ ከወንዙ ላይ ገና እየተነሣ ነው፤ የተቆረጠ ድርቆሽ ይሸታል። ወደ ቬርሊን መንገድ ስንታጠፍ ከጎኔ የነበረ አንድ የቺካጎ ጎረምሳ፣ እግሩ እንደ ምሰሶ የሆነ፣ ቀና ብሎ አየና፣

«ይሄ መንገድ ነው ወይስ ግድግዳ?» አለኝ።

«መሃሉ ላይ ይለይልሃል» አልኩት።

ግማሽ ላይ ሰዎች መውረድ ጀመሩ። ብስክሌታቸውን እየገፉ የሚራገሙም፣ የሚሥቁም ነበሩ። ባለ ምሰሶ እግሩ ጎረምሳ ቆሞ መሪው ላይ ተደፋ። አርሊስ አልቆመችም። ከኋላዋ ስመለከታት ትከሻዋ አይወዛወዝም፤ ቀስ ብላ፣ አንድ ልክ ይዛ ትወጣለች። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ቬርሊን ዋልነቱ ሥር ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቡስተርን በገመድ ይዟል። የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለብሷል።

«አርሊስ!» አለ ሸለቆው እስኪያስተጋባ። «የአባባ ትራክተር ራሱ እዚህ ጋ በሁለተኛ ማርሽ አይወጣም ነበር! ውረጂና ግፊ፣ ማንም አይታዘብሽም!»

«ትራክተሩን የምትነዳው አንተ ስለነበርክ ነው!» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«ወድቀሽ ኮንክሪቴን እንዳትሰብሪው!»

«የማን ኮንክሪት? የማን?»

ኮንክሪቱን ተሻገረች። ንቅንቅ አላለም። እኔም ተከትያት አለፍኩ፤ ጎማዬ ከሥሩ እንደ አለት ሲጸና ተሰማኝ። ከዚያ ወዲያ ያለችውን የመጨረሻ ቀጥ ያለች አቀበት በምን አቅም እንደወጣኋት አላውቅም። አርሊስ ግቢው ውስጥ ደርሳ እግሯን ስታወርድ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቷል፤ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ከታች ያሉት ሁሉ ጮኹላት። ቬርሊንም ወንበሩን ጥሎ ሲሮጥ መጣ፣ ውሻው እየጎተተው።

«ሳትወርጂ?» አለ። «አንዴም?»

«አንዴም።»

«በይ ውሃ ጠጪ። ሞተሽብኝ ደግሞ።»

ቬርሊን የወተቱን ክፍል ከፍቶ ለእንግዶቹ የምንጭ ውሃ በባልዲ አስቀምጦላቸዋል፤ ሌፍሴ የተባለውን፣ የእኛን አገር የድንች ቂጣ፣ በቅቤና በስኳር ጠቅልሎ ደርድሯል። ራሱ ነው የጋገረው፤ ዳር ዳሩ ተቃጥሏል። እንግዶቹ ግን ከዚያ ዳገት በኋላ ድንጋይም ቢሰጣቸው ይበሉ ነበር።

አርሊስ ወደ ጋጣው ሄደች። ከአባቷ ሞት ወዲህ ረግጣው አታውቅም። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ውስጡ ባዶ ነው፤ አንድ ላም የለም። ግድግዳው ግን በኖራ ተለቅልቆ እንደ አዲስ ያበራል፤ ወለሉ ተጠርጓል።

«ቬርሊን» አለች፣ «ባዶ ጋጣ ለምን ኖራ ትቀባለህ?»

«ጋጣ ነው እኮ» አለ። ከዚያ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ «አንድ የቺካጎ ሰው ሊገዛኝ ይፈልጋል። ጋጣውን አፍርሶ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራበት ነው። በቅርቡ መልስ እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ» አላት።

አርሊስ ባዶውን ጋጣ ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

ይህን ጥያቄ ከአባታቸው ጀምሮ ማንም ጠይቋት አያውቅም። መልሷን ሳታዘገይ ነው የሰጠችው፤ እንደ እኔ ግምት ለዓመታት ቦቴው ውስጥ ሆና አስባበታለች።

«አትሽጥ። ማህሎን ጊደሮቹን የሚያሳድርበት ቦታ አጥቶ ባለፈው ሲያማክረኝ ነበር። ግጦሹንና ጋጣውን አከራየው። የላይኛውን ማሳ አንተ ድርቆሽ እጨድበት። ብቻህን ካቃተህ እኔ አለሁ።»

«ድርቆሽ ማሰር ትችያለሽ? በዚህ ዕድሜ?»

«አሁን ምን ስወጣ ነው ያየኸው አንተ ሰውዬ?»

ቬርሊን ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰና ኖራው እጁ ላይ ሲቀር አየው። «እሺ» አለ።

እንዲሁም ሆነ። የቺካጎው ሰው ሌላ ጋራ ላይ ቦታ ገዛ። መኸር ሲገባ የማህሎን ጊደሮች በዚያ ነጭ ጋጣ ውስጥ ገቡ። አርሊስ ጠዋት ጠዋት በብስክሌት ወጥታ ታያቸዋለች፤ ምንም ሥራ የላትም እዚያ፣ ዝም ብላ ታያቸዋለች። ቬርሊን የትራክተር ሰው መሆኑን አልተወም፤ ነገር ግን ከጊደሮቹ አንዷ ስሙን ሲጠሩት ጆሮዋን ታቆማለች ብሎ ይምላል።

አውራጃው ድልድዩን በሚቀጥለው ፀደይ ሠርቶ ጨረሰ። ያን ጊዜ እንደገና እሳት አደጋ ጣቢያው ውስጥ ተሰበሰብን፤ በዚህ ጊዜ ቬርሊንም ከኋላ ወንበር ላይ አለ። አንዱ ተነሥቶ «እንግዲህ ወደ ድሮው መንገድ እንመለሳለን» ሲል አርሊስ አቋረጠችው።

«ድልድዩ ለመኪና ነው። የዳገት ቀን በብራተን ግቢ ነው የሚያልፈው።»

ቬርሊን እጁን አወጣ። «እኔ የምለው አለኝ። ዘንድሮ ከላይ ወደ ታች ይሁን። ሰውን ለምን ታሠቃያላችሁ? ቁልቁለቱን ይደሰቱበት።»

«በዚያ መታጠፊያ ቁልቁል? አንተ ሰው ልትፈጅ ነው? እዚያ ላይ ፍሬኑ የሚይዝለት ብስክሌት አይተህ ታውቃለህ?»

«በትራክተር ወርጄዋለሁ!»

«ትራክተር አራት ጎማ አለው!»

«የኔ መንገድ ነው፣ እኔ እወስናለሁ።»

«ኮንክሪቱ የማን ነው? ለስተር፣ ተናገር እስቲ፣ ኮንክሪቱ የማን ነው?»

ሊቀመንበሩ መዶሻውን ሁለቴ መታ፤ የሰማው ግን አልነበረም።